ስም አውጪዎቹ ይመስገኑ

አየር መንገድ የሚያማ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። እንደነሱ ያለ ስም አውጪ ከየት ይመጣል? ባለፈው ሳምንት በረራዬን በአንድ ቀን ልገፋ ፈለግኩ። ትኬቴ «ቀን መቀየር በነፃ» ይላል። አዲሱን ቀን ነካሁት። «የመቀየሪያ ክፍያ፦ 0» አለኝ። ዜሮዋ ስታምር! ከሥሯ ግን ሌላ መስመር አለ፤ ከዚያም ሥር ሌላ። ድምሩ ትኬቱን የገዛሁበትን ሊያክል ምንም አልቀረው።

ደወልኩ። 40 ደቂቃ ሙዚቃ ጋበዙኝ (እሱም በነፃ ነው፤ ውለታቸውን ግን ማን ያነሳል?)።

«ጌታዬ፣ ለመቀየሪያ ምንም አላስከፈልንዎትም» አለችኝ ልጅቷ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው እህቴ?»

«የዋጋ ልዩነት ነው። የእርስዎ ኪው ክላስ ነበር፤ አልቋል። አሁን ያለው ኤም ነው።»

ፊደል የቆጠርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ኢኮኖሚ የሚባለው አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ምናምን ፊደል ተቀምጧል። ወንበሩ ያው ነው። ጉልበት ከፊተኛው ወንበር ጋር የሚጋጨውም እኩል ነው። ፊደሉ ሲለይ ግን ዋጋው አብሮ ይለያል። የቅኔ ተማሪ ምን አደከመው? አንድ ጊዜ ትኬት ይቀይር። ሰሙ «ነፃ» ነው፤ ወርቁ ከኪስ ይወጣል።

ሁለተኛው መስመር ይበልጥ መሰጠኝ። «ዋይ ኪው» ይላል። ከታክሶቹ መሃል ስለተሰለፈ የመንግሥት ቀረጥ መስሎኝ ያላጠፋውን መንግሥት ሳማ ነበር። አየር መንገዱ ራሱ የሚጥለው ነው። ብዙ ጊዜ «የነዳጅ» ይሉታል። ቤት አከራይቶ ጣሪያውን ለብቻ ማስከፈል ለሌላው አከራይ እንዴት እስከዛሬ አልታየውም?

መሐሪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች በአገር ውስጥ በረራ 200 ዶላር ይደርስ የነበረውን የመቀየሪያ ቅጣት ከአብዛኛው ትኬታቸው ላይ አነሱ፤ በጣም ርካሹን ሳይጨምር። ሕዝቡ አጨበጨበ። የዋጋ ልዩነቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አዲሱ በረራ ረክሶ ቢገኝስ? ያኔ ትርፉ ብዙ ጊዜ «ተመላሽ የማይሆን» የሚል ስም ይወጣለታል።

«እሺ፣ የትኬቱን ደንብ በጽሑፍ ላኪልኝ» አልኳት። ላከችልኝ። ከላይ እስከ ታች በምህጻረ ቃል የታጨቀ ነው። ዓይኔን አሽቼ ተራ ቁጥር 16 ላይ ደረስኩ። ቀን በነፃ መቀየር እንደሚቻል የተጻፈው እዚያ ነው። የክፍሉ ርዕስ «ቅጣቶች» ይላል።

«እህቴ፣ ነፃ ከሆነ ቅጣት ሥር ምን ይሠራል?»

ዝም አለች።

«ለአፍታ ይጠብቁኝ ጌታዬ።»

ሙዚቃው ካቆመበት ቀጠለ።