የመሬቱ ደብተር አለን፤ ታሪኩስ?

አያቴ ሰባት ትውልድ ቆጥረው ከአቅኚው አባት ይደርሱ ነበር። አቅኚ አባት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ነው። ጎጃም ውስጥ ይህ ቆጠራ ለጨዋታ አልነበረም። ርስት የሚገኘው በዘር ሐረግ ስለነበር፣ ሐረጉን በትክክል ያልቆጠረ ሰው ዳኛ ፊት ይሸነፍ ነበር።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ቆጠራው በእናት በኩልም መሄዱ ነው። ወንድም ሆነ ሴት፣ በአባትም በእናትም ወገን ርስት መጠየቅ ይቻል ነበር። በአያቴ ቆጠራ ሦስተኛዋ ሴት ነበረች። የማሳችን ግማሹ የመጣው በእሷ በኩል ነው። ስሟን ግን አልያዝኩትም። አያቴ ካረፉ በኋላ ዘመድ ሁሉ ጠየቅኩ፤ የሚያውቅ ጠፋ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ርስት ምን ያህል አንጀት ውስጥ እንደሚገባ በ1960 ዓ.ም. ታይቷል። መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲጥል፣ የጎጃም ገበሬ ‹‹መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊወሰድ ነው›› ብሎ አመፀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ፤ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። ያን አዋጅ አልጠላውም። በደቡብ ጭሰኛው ከባለመሬቱ ተላቋል። በእኛም አገር ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሙስሊሙ ጎረቤት አብዛኛውን ጊዜ ርስት አልነበራቸውም። የቤተሰባችንን ታሪክ ስናወራ ይህንንም መዝለል የለብንም።

በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት ሽግሽጉ መጣ። ‹‹ቢሮክራሲ›› የተባሉት፣ ማለትም በቀድሞው ሥርዓት ሥልጣን ነበራቸው የተባሉት ሰዎች መሬት ተቀንሶ ለሌላ ተሰጠ።

ዛሬ ገበሬው ቤት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለ። የባልና የሚስት ስም፣ ስፋቱ፣ አዋሳኞቹ ሰፍረውበታል። የሚስት ስም መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ማሳው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ግን ደብተሩ አይናገርም። ያ ያለው በሽማግሌዎቻችን አፍ ብቻ ነው። በ1967 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባውን ይዟል።

እባካችሁ፣ ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። ማሳው ለምን በዚያ ስም እንደሚጠራ ጠይቁ። በየትኛው ሙግት እንደተገኘ፣ በየትኛው እንደታጣ፣ ማንስ እንደተከለከለ ይንገሯችሁ። ሲቆጥሩ ሴት ላይ ከደረሱ አስቁሟቸው። ስሟን ደግመው ይጥሩላችሁ።