አፍንጫ ይልመድ እንጂ

ፀጉር በሌዘር የሚያጠፉ ክሊኒኮችን ማማት ይብቃን። እስቲ ዛሬ እናመስግናቸው። ፀጉር በሌዘር ሲቃጠል የሚወጣውን ጭስ በሽቶ ድል የነሳ ሌላ ማን አለ?

ሌላው ሰው ቤቱ ሲጨስ መስኮት ይከፍታል። ኋላ ቀር ዘዴ ነው። የሠለጠነ የሌዘር ክፍል መስኮት አያስፈልገውም። ቢኖረውም ለደንበኛ ገመና ሲባል በስቲከር ተለጥፎ ተዘግቷል። በምትኩ ጥግ ላይ በየጊዜው «ፍስስ» የምትል ባለላቬንደር መርጫ አለች። ከጎኗ መዓዛ ያለው ሻማ ይነዳል። የፀጉሩ ጭስ ብቻውን እንዳይከፋው የሻማ ጭስ ጨመሩለት ማለት ነው። ኤሲው ደግሞ ያንኑ አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ ፊታችን ላይ ይለቀዋል። ብክነት የሚባል ነገር የለም! ሲቀዘቅዝ ደግሞ ንጹሕ ይመስላል።

እኛ ደንበኞችም ምስጋናው ይገባናል። የተቃጠለ ፀጉር ሲሸተን «እየሠራ ነው» ብለን ደስ ይለናል። ካልሸተተንማ ገንዘባችን የተበላ ይመስለናል። ሌዘሩ የሚፈልገው ግን ከቆዳ በታች ያለውን የፀጉር ሥር ነው። የፀጉሩ ጥቁር ቀለም፣ ማለትም ሜላኒን፣ ብርሃኑን ይውጣል፤ ይግላል፤ ሙቀቱም ሥሩን ያበላሸዋል። ክፍሉን የሚያጥነው በአብዛኛው ከቆዳ በላይ የቀረው ነው። ሳይላጩ ለሄዱ ሰዎች ታዲያ ልዩ አድናቆት አለኝ። ተራ ምላጭ የሚጨርሰውን ሥራ በውድ ማሽን እያስጠበሱ፣ በሚሰነፍጠው የሰልፈር ሽታ ውጤቱን ይለካሉ።

«ሽታ ብቻ ነው» የሚባለውንም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ ደርማቶሎጂ በተባለ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ይህን ደስታችንን ሊያበላሽ ሞክሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ በተዘጋ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ፀጉር በሌዘር አቃጠሉ። የ30 ሰከንድ ጭስ ወሰዱና መረመሩ። 377 ዓይነት ኬሚካል አገኙ። ከነዚህ 13ቱ ካንሰር በማምጣት የሚታወቁ ወይም የሚጠረጠሩ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድን የመሳሰሉ ከ20 በላይ የአካባቢ መርዞችም ነበሩበት። እርግጥ ይህ ማለት አንድ ቀን ብብቷን የተሠራች ሰው ታመመች ማለት አይደለም። በየቀኑ እዚያው ክፍል የምትውለውን ባለሙያ ግን ሳያሳስብ አይቀርም። ያሳስባታል ብዬ ነው እንጂ፣ ብትጠይቋት «ለምጄዋለሁ» ነው የምትላችሁ። እውነቷን ነው፤ አፍንጫ ይለምዳል። ሳንባ መልመዱን ግን እስካሁን የነገረን የለም።

በነገራችን ላይ በሌዘር ክፍል ውስጥ ዓይን የእናት ልጅ ነው፤ አፍንጫ የእንጀራ ልጅ። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ለባለሙያዋም ለተኛውም ሰው መነጽር ይታደላል። ይገባል፤ ዓይን ከጠፋ አይመለስም። አፍንጫ ግን ምን ደረሰው? አንዲት ቀጭን የቀዶ ሕክምና ማስክ፤ እሷም አገጭ ላይ ወርዳ። ብትነሳም ያው ነው። የተሠራችው የምራቅና የደም ፍንጣቂ እንድታቆም ነው፤ በጉንጭና በጉንጭ በኩል ክፍት ናት። የጭሱ ደቃቅ ብናኞች ከ1 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ፣ ያንሳሉ። አንድ የራስ ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። በጉንጭ በኩል ለመግባት ማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ኤን-95 ማስክ ይሻላል፤ ግን ያፍናል፣ ፎቶም ላይ አያምርም።

እውነተኛው የአድናቆቴ ባለቤት ግን የጭስ መምጠጫው ነው። አዎ፣ አለ! ገዝተውታል። ጥግ ላይ ቆሟል። ጋወን ይሰቀልበታል። ጉሮሮው ወደ ግድግዳው ዞሯል። ለምን አይበራም? ይጮኻል፤ ሙዚቃውን ይረብሻል። ማጣሪያውም በየጊዜው ይቀየር ይላል፤ ገንዘብ ነው። ደግሞ አፉ ከሚሠራው ቆዳ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መጠጋት አለበት፤ ይህን የሚይዝ ተጨማሪ እጅ ከየት ይመጣል?

ያው ጥናት ይህንንም ለክቶታል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ክፍሉ ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር 15,300 ደቃቅ ብናኝ ነበር። መምጠጫው በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት እየሠራ እንኳ ቁጥሩ 129,376 ደረሰ። ለ30 ሰከንድ ሲያጠፉት 435,888 ሆነ። እንግዲህ ሲበራም ይህን ያህል ከሆነ፣ ማብራቱ ምን ይጠቅማል ብሎ የደመደመ ብልህ ባለቤት አይጠፋም። «ጃንጥላ ይዤም እግሬ ይረጥባል» ብሎ ጃንጥላውን የሚጥል ዓይነት ሰው ነው። ክፍሉ ከውጭ ንጹሕ አየር ያስገባ፣ የቆሸሸውን ያውጣ፣ ማጣሪያው ጋዝ የሚይዝ ከሰልም ይኑረው ብላችሁ ብትነግሩት፣ የሚቀጥለው ወጪው አዲስ ሶፋ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ይሉኝታ አይቆምም ነበር። ግማሽ ልብስ ለብሶ፣ ዓይኑ በመነጽር ተጋርዶ የተኛ ሰው በምን አፉ «ያፍነኛል» ይላል? ሳል ሲመጣበት ይውጠዋል። ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ነፋስ የለማ።

አልፎ አልፎ አንድ አስቸጋሪ ደንበኛ ይመጣል። ገና ሳይተኛ «መምጠጫው ይበራል ወይ? ማጣሪያው መቼ ተቀየረ? ይህ አየር የሚወጣው በየት ነው?» ይላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መልስ ተዘጋጅቷል። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሲደውል «ይቅርታ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል» ይሉታል። አልዋሹም። የትኛው ማሽን እንደሆነ አልጠየቃቸውም።