ማስተካከያ፦ «ማሪያና» ዴስሞ አልነበረችም

ባለፈው ስለ ጣሊያኑ ዱካቲ ሞተር ሳይክል ግራን ስፖርት፣ በቅጽል ስሟ «ማሪያና»፣ ስጽፍ ሞተሯ ዴስሞ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።

የማሪያና ቫልቮች (ነዳጅና አየር የሚያስገቡት፣ ጭስ የሚያስወጡት የሞተር መዝጊያዎች) የሚዘጉት በስፕሪንግ ነው፣ እንደ አብዛኞቹ ሞተሮች። ዴስሞ የሚባለው ቫልቩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ካም (እየዞረ ቫልቩን የሚያንቀሳቅስ ጎባጣ ብረት) ሲሆን ነው፤ ሞተሩ በጣም ሲሽከረከር ስፕሪንግ ቫልቩን በጊዜው መመለስ ስለሚያቅተው የመጣ መላ ነው። ኢንጂነር ፋቢዮ ታሊዮኒ ይህን ወደ ዱካቲ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1956 በሠራት የ125 ሲሲ የግራንፕሪ ሞተር ሳይክል ላይ ነው። ተወዳዳሪው ጃኒ ዴሊ አንቶኒ ያኔውኑ ስዊድን ውስጥ፣ ሄዴሞራ ላይ፣ በመጀመሪያ ውድድሯ አሸነፈባት።

ሁለቱ የተምታቱብኝ በዴሊ አንቶኒ ምክንያት ነው። በ1955 የጣሊያን ዙር ውድድርን፣ ሞቶጂሮን፣ በ100 ሲሲ ምድብ በማሪያና ያሸነፈው እሱ ነዋ!

ዴስሞ አይደለችም ማለት ግን ተራ ነበረች ማለት አይደለም። ሞተሯ 98 ሲሲ ብቻ፣ ክብደቷ 80 ኪሎ ገደማ፣ ካሟ ከላይ፣ እሱንም የሚያዞረው በሞተሩ ጎን ሽቅብ የሚወጣ ዘንግና ጥርስ እንጂ ሰንሰለት አይደለም። ለእኔ ከዱካቲዎች ሁሉ ውቧ አሁንም እሷ ናት። የቀደመውን ጽሑፍ አስተካክዬዋለሁ።