ለክቡር የወይን ጠጅ ቡሽ

ጉዳዩ፦ በእንግዶቼ ፊት ስላዋረዱኝ

ክቡር ሆይ፣ ትናንት ማታ ስለዋሉልኝ ውለታ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ስለሚሆንብኝ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

እንግዶቹ ተቀምጠዋል፣ ብርጭቆው ተወልውሎ ተደርድሯል። መክፈቻውን አናትዎ ላይ ተክዬ አዞርኩ፣ ሳብኩ። ፍንክች አላሉም። ጠርሙሱን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ እንደገና ስስብ ወሬው ሁሉ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ያላየ እየመሰለ ክንዴን ያያል። ከዚያ ቀጭ! ግማሽዎ መክፈቻው ላይ፣ ግማሽዎ ጠርሙሱ አንገት ውስጥ። «ግድ የለም፣ ያጋጥማል» አለ አንዱ። ከዚህ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላው «እስቲ ልሞክረው» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ከጠርሙሱ ጋር ቤቴንም ያስረከብኩት መሰለኝ። በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ሲገፋዎት ወይኑ ፈንጥቆ ነጭ ሸሚዙን አቀላው። የተረፈውን በሻይ ማጥለያ እያጠለልኩ ቀዳሁ። አንዲት እንግዳ ከማጥለያው ያመለጠች ፍርፋሪ ከምላሷ ጫፍ በጣቷ አንሥታ፣ እኔ እንዳላይ በናፕኪኗ ጥግ ስትጠቀልላት አየኋት።

በትውልድዎ አልመጣብዎትም። እናትዎ ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅርፊቷ የሚነሣው በ25 ዓመቷ ገደማ ነው፤ ከዚያ በየ9 ዓመቱ ትላጣለች፤ ለጠርሙስ ቡሽ የሚሆነው ቅርፊት የሚገኘውም ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የተደከመብዎት ሰው፣ ይቅርታ፣ ቡሽ፣ እኔ ቤት ሲደርሱ ተፈረፈሩ! «ጠርሙሱ ሳይጋደም ቆሞ ስለከረመ ደርቄ ነው» ይሉኛል። ሱቅ ውስጥ ማን አቆመው? እኔ ነኝ?

በ1795 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ሄንሻል የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ ለመክፈቻ የፈጠራ መብት አውጥተዋል። ቄስ እንኳ በጸሎት ብቻ አልቻለዎትም።

ወይኑን እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን እንዲሸት የሚያደርጉበትን ቀን ለጊዜው አላነሣም።

ግን አንተ! አዎ፣ አንተ! መሰበርህ አይደለም የሚያንገበግበኝ። በእጅ ተጠምዝዞ የሚከፈት ክዳን እያለ፣ እሱን ያቀረበ ሰው «ርካሽ አጠጣን» ተብሎ የሚታማው በአንተ የተነሣ ነው። ምግቡን ሠርቼ፣ ቤቱን አጽድቼ፣ ወንበር ከየክፍሉ ሰብስቤ ስበቃ፣ መጨረሻ ላይ የምመዘነው በክንዴ ጉልበት? ጋባዥ ላቡ ካልተንጠፈጠፈ እንግዳ አልተከበረም ያለው ማን ነው? ያውም ለ750 ሚሊ ሊትር፣ ከአምስት ብርጭቆ ለማያልፍ ነገር!

ወደ አክብሮቴ ልመለስ። ከእንግዲህ ቤቴ የሚገባው በእጅ የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ጠርሙስ ብቻ መሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ። ለሚያማኝ እንግዳ ውኃ ይቀዳለታል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሻምፓኝ ቡሽ (ሳይለመኑ ስለሚወጡ እያመሰገንኩ፣ የሰው ዓይን ላይ ማነጣጠሩን ግን እንዲተዉ)