እስካሁን አልሄደም እንዴ?

ልጃችን እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነው፤ የሰጡትን ይበላል፣ ያልሰጡትንም ፈልጎ ይበላል፣ ደስ ሲለው ይስቃል፣ ሲከፋው ደግሞ ከአራተኛ ፎቅ ጀምሮ እስከ በሩ ጥበቃ ድረስ ይሰማል። ጉድለት እንዳለበት ያወቅነው ባለፈው እሑድ ነው። ያሳወቁን ደግሞ ቡና ጠርተናቸው የመጡ አንዲት የብሎካችን ትልቅ ሴት ናቸው። ገና አቦሉ ሳይቀዳ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ሳይቀመጡ፣ የሶፋውን ጠርዝ ይዞ የቆመውን ልጅ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ቃኙትና፣ «ውይ በሞትኩት! እስካሁን አልሄደም እንዴ?» አሉ። ባለቤቴ አንድ ዓመት ከሁለት ወሩ መሆኑን የዘገየ የቤት ኪራይ እንደሚያስረዳ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳች። «የእኔ የልጅ ልጅማ በስምንት ወሩ ነው ቀጥ ብሎ የሄደው» አሉ፣ የፈንዲሻውን ሳህን ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

እኚህን ሴት አከብራቸዋለሁ፤ ባለቤቴ በወለደች ጊዜ ገንፎ ሠርተው የመጡ ሰው ናቸው። ነገር ግን ይኸው የልጅ ልጅ ባለፈው ዓመት ሲወራለት በአሥር ወሩ የሄደ ነበር። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ወሩ እየቀነሰ ስለሚመጣ፣ ለመጪው ፋሲካ ከእናቱ ማኅፀን በእግሩ ወጥቶ አዋላጇን ጨብጦ ሰላም ያለ እንደሚሆን አልጠራጠርም። በዚህ አገር ልጅ ወልዶ ከዚህ ምርመራ ያመለጠ ወላጅ የለም። ቆመ ወይ ይባላል፤ ቆመ ሲባል ሄደ ወይ፣ ሄደ ሲባል ተናገረ ወይ፣ ተናገረ ሲባል ፖፖ ለመደ ወይ ይመጣል፤ ፖፖ ለመደ ሲባል ደግሞ የጠያቂው ዓይን ከልጁ ተነሥቶ ወደ እናቱ ሆድ ይዞርና፣ ታናሹስ መቼ ነው ይባላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ባደረገው ጥናት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ የሚኖሩ 816 ሕፃናት መቼ እንደተቀመጡ፣ መቼ እንደዳኹ፣ መቼ እንደቆሙና መቼ እንደሄዱ አንድ በአንድ ተከታትሎ መዝግቧል። በዚህ መዝገብ መሠረት ጤነኛ ልጅ ያለ ድጋፍ መሄድ የሚጀምረው ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በቀዳሚውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት ዘጠኝ ወር ከሳምንታት ይሆናል፤ ሌላ ልጅ ተፀንሶ የሚወለድበት ጊዜ ማለት ነው። ከመቶው አራት ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድኹ አልፈዋል፤ ማንም ተጠያቂ አልሆነም። ይህንን ሁሉ በትሕትና ለእንግዳችን አቀረብኩላቸው። «ተወኝ እባክህ፣ ፈረንጅ ስለ ልጅ ምን ያውቃል?» አሉኝ። ጋናና ሕንድ ፈረንጅ መሆናቸውን የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

እኔን ያናደደኝ የወሩ ነገር አልነበረም። ጥያቄው ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ እንዳልተሠራ ስለሚቆጥረው ነው። አማቴ መስኮቱ ሥር ሰፌድ ይዘው ምስር ሲለቅሙ ልጁ አጠገባቸው ይቀመጣል። ከጥቂት ወራት በፊት መዳፉን በሙሉ ሰፌዱ ውስጥ ከትቶ ያገኘውን በእፍኙ ወለሉ ላይ ይበትን ነበር፤ አሁን ግን አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጥብቦ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ትንፋሹንም ይዞ አንዲት ፍሬ ብቻ ያነሣል። ያነሣትን ከዓይኑ አጠገብ አድርጎ ይመረምራታል። ወደ አፉ ሊሰዳት ሲል አማቴ «እህ!» ይላሉ፤ ሐሳቡን ለውጦ መዳፋቸው ላይ ያስቀምጥላቸዋል። እሳቸውም «ተባረክ የኔ ጌታ» ብለው ይቀበሉና ጠጠር ከሆነ ይጥሉታል፣ ምስር ከሆነ ወደ ሰፌዱ ይመልሱታል፤ እርሱም ሥራው ተቀባይነት ማግኘቱን አረጋግጦ ወደ ቀጣዩ ፍሬ ይዞራል። ሁለቱን ጣቶች እንዲህ ማጋጠም አብዛኞቹ ልጆች ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ የሚደርሱበት ትልቅ እርምጃ መሆኑን የሕፃናት ሐኪሞች ይናገራሉ። እንግዶቻችን ግን በእግር ያልተደረገውን እርምጃ አይቆጥሩትም።

በዚያ እሑድ ነገሩን ሊያበርዱ የሞከሩት አማቴ ነበሩ፤ «ተዪው እስቲ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ። ከተረቶቻችን ሁሉ ይህንን የሚያህል አልወድም። ብዙ ሰው ስለ ትዕግሥት የተነገረ ይመስለዋል፤ እኔ የምወደው ግን በተረቱ ውስጥ እንቁላሉን የሚገፋው ሰው ስለሌለ ነው። ዶሮዋ 21 ቀን ሙሉ ትታቀፈዋለች፤ ከታች እያገላበጠች ታሞቀዋለች እንጂ፣ የጎረቤት እንቁላል በ18 ቀኑ ተፈልፍሏል እያለች አትነዘንዘውም። የተፈለፈለችው ጫጩትም የመጀመሪያውን እርምጃ ስትራመድ ካሜራ አልተደቀነባትም፣ ጭብጨባም አልተደረገላትም፤ ወዲያው ወደ ጥሬው ሄደች።

ይህንን የመሰለ ተረት ያበላሸብኝ ሰው አለ። ነገሩ ከልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከጉዳዩ ወጣሁ አያሰኘኝም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ሥራ ላይ ውሏል፤ ወላጅም የልጁን ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ይገደዳል። እኔም ግዴታዬን አክብሬ ልጁን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ስሙን ወደማልጠራው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሲስተም የለም ተባልኩ። ሌላ ጊዜ ሲስተሙ መጣ፣ ኃላፊው ስብሰባ ገቡ። ኃላፊው ከስብሰባ ሲወጡ ደግሞ ፋይሉ «ሂደት ላይ ነው» ተባለ። ከመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጠው ወጣት ፊቴ መቅላቱን አይቶ፣ በአዘኔታ ፈገግ አለና፣ «ወንድሜ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። እንቁላሉ ቢሄድ እንኳ ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ስብሰባ ላይ ነበር። በፎጣ ተጠቅልሎ የገባው ልጅ ወረቀቱ በተሰጠን ዕለት ያለ ድጋፍ ተቀምጦ፣ የከፈልኩበትን ደረሰኝ ሊበላ ሲታገል ነበር።

ይህንንም በሳቅ ባሳልፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ አልችልም። በዚያ ኮሪደር ላይ የነበረው መቀመጫ አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው። ገና ወገቧ ያልጠና አራስ ልጇን አቅፋ ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም አይቻለሁ፤ ከጠዋት ጀምራ ቆማ ወደ ምሳ ሰዓት ግድም ፎቶ ኮፒ ጎድሎሻል ተብላ ስትመለስም አይቻለሁ። በእርሷ ፊት የተረተ ሰው ተረቱ አፉ ላይ ሊመር ይገባው ነበር። የሚገርመው ደግሞ ይህ ሕዝብ ማወዳደር አለመሰልቸቱ ነው፤ የእኔን ልጅ ከእትዬ የልጅ ልጅ፣ የእትዬን የልጅ ልጅ ከአሜሪካ ካለው የእህታቸው ልጅ ጋር ያወዳድራል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን አንደበቱ ይታሰራል። አንድ ሰው እንኳ አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ፣ «ውይ በሞትኩት! የጎረቤቱ ወረዳ በሁለት ቀን ይሰጣል፤ እናንተ እስካሁን አልሄዳችሁም እንዴ?» ሲል አልሰማሁም።

ልጁ ይሂድ ቢባልስ ወዴት ይሂድ? ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ሲያልፍ ቁመቱ ስለሚለያይ አዋቂውን እንኳ ያደናቅፋል፤ የእጅ መደገፊያው ብረትም በሁለተኛው ፎቅ ላይ ተነቅሎ ከቀረ ቆይቷል። በብሎኮቹ መካከል የልጆች መጫወቻ ይሆናል የተባለው ባዶ ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ከመኪና የተረፈው ላይ የውኃ ታንከር ተተክሏል፤ ከታንከሩ የተረፈው ላይ የታጠበ ልብስ ይሰጣል። የመኪናው ባለቤትም፣ የታንከሩም፣ የልብሱም ባለቤት ከቡና በኋላ ልጁ ሄደ ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

ስለዚህ ልጁ የሚጓዘው በሶፋውና በቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ መካከል ነው። ሶፋውን በሁለት እጁ ይዞ በጎኑ ይሄዳል፤ ጫፍ ሲደርስ ቆም ብሎ ርቀቱን ይገምታል፤ አንድ እጁን ለቆ ጠረጴዛውን እስኪነካ በዚያች አንዲት ቅጽበት ፊቱ ላይ የሚታየውን ክብደት በየትኛውም የሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ አላየሁም። አንዳንዴ ሳያስበው ሁለቱንም እጁን ይለቃል። እናቱ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ብላ ማጨብጨብ ትጀምራለች፤ እርሱም በደስታ አብሮ ያጨበጭባል፤ ሲያጨበጭብ እጁ ባዶ መሆኑ ትዝ ይለዋል፤ ዙሪያውን ያያል፤ የያዘው ነገር የለም። ወዲያው በመቀመጫው ዱብ ይላል። አይደነግጥም፤ ቁጭ እንዳለ ጭብጨባውን ይጨርሳል።

የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ልጆች በነፃነት ሲጫወቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 2,368 ጊዜ እንደሚራመዱና 17 ጊዜ እንደሚወድቁ ቆጥረዋል። በሰዓት 17 ጊዜ መውደቅ የሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ያለበት ሰው ለእንግዳ ጥያቄ የሚተርፈው ጊዜ እንደማይኖር ግልጽ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የምርምር ሥራ አለበት። ማንኪያ ከከፍታ ላይ ይለቃል፤ ሲወድቅ ድምፁን ያዳምጣል፤ እኔ አንሥቼ እሰጠዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ከግራ በኩል ይለቃል። ከማንኪያው ወደ ጀበናው መክደኛ፣ ከመክደኛው ወደ እናቱ ስልክ ያድጋል። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ የሦስት ልጆቹን ጨዋታ እንዲሁ እያየ በማስታወሻው ይመዘግብ ነበር፤ ወንዱ ልጁ በአሥር ወሩ ያገኘውን ዕቃ እጁን ዘርግቶ፣ ቦታውን እየለዋወጠ ሲጥል ተመልክቶ፣ ይህ ማበላሸት ሳይሆን ሙከራ መሆኑን ጻፈ። ቻርልስ ዳርዊንም እ.ኤ.አ. በ1839 የተወለደውን የበኩር ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየተከታተለ የያዘውን ማስታወሻ ያሳተመው በ1877 ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዝም ብሎ አስቀምጦታል። የእኛ ሰው ቶናው እስኪቀዳ እንኳ አይታገሥም።

በመጀመሪያው የልደት በዓሉ ላይ አንድ ዘመድ መብራት የሚያበራና በሦስት ቋንቋ የሚዘፍን መኪና አምጥተውለት ነበር። መኪናው አሁን ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ልጁ የሚኖረው መኪናው በመጣበት ካርቶን ውስጥ ነው። ይገባበታል፣ ይወጣበታል፣ ገልብጦ እንደ ከበሮ ይመታዋል፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት፣ የአማቴን መነጽር መያዣና ግማሽ ዳቦ አስቀምጦበት በየጊዜው እየሄደ መኖራቸውን ያረጋግጣል። ከጥቂት ቀናት በፊት ግን እላዩ ላይ ውኃ ስለደፋበት ካርቶኑ መበስበስ ጀምሯል፤ ይህም በቤታችን ያለ ብቸኛው አሳሳቢ ጉዳይ ነው።

እንግዳችን ትናንት ማታ ደወሉ። ስለ ልጁ ሲያስቡ እንቅልፍ አልወስድ ብሏቸው፣ የልጅ ልጃቸው የተለማመደበትን ዓይነት ዎከር ከመርካቶ ሊያስገዙለት መወሰናቸውን ነገሩኝ። ይህ ባለ ጎማ መቀመጫ ልጅን ቶሎ እንዲሄድ እንደማያደርግ፣ ይልቁንም ልጆች ከነመቀመጫው ከደረጃ ላይ እየተንከባለሉ ስለሚጎዱ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ጨርሶ እንደከለከለች ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ካናዳም ፈረንጅ መሆኗ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ሄደ ወይ ሲሉኝም ሂደት ላይ ነው አልኳቸው። ዎከሩ ሲመጣ ከቁም ሳጥኑ በላይ ቦታ ተዘጋጅቶለታል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ ሲያመጡት ብቻ ከነካርቶኑ ይሁን፤ ካርቶኑ እንዳይቀደድ አደራ» አልኳቸው።