እርማት፦ የገዳም ሥዕል በውሃ አይወለወልም

«መነኮሳቱ በአንድ ማዕድ ተሰብስበው የሚታዩባቸው የወሎ ገዳማት ሥዕሎች ግድግዳው እርጥብ ሳለ ስለተሳሉ ቀለማቸው አይለቅም፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይቻላል» የሚባለው ብዙ ሰው የሚደግመው ስሕተት ነው።

በእርጥብ ኖራ ላይ መሳል ጣልያኖች የታወቁበት ስልት ነው። ቀለሙ ከኖራው ጋር አብሮ ይጠነክራል። የእኛ ሌላ ነው፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ በጭቃና በጭድ ይመረግና አቡጀዲ (የጥጥ ጨርቅ) ይለጠፍበታል፤ ሥዕሉም ያለው በጨርቁ ላይ ነው። በቀደምቶቹ ሥዕሎች ቀለሙን የሚያይዘው ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ነው፤ ሙጫ ደግሞ በውሃ ይሟሟል። ስለዚህ እርጥቡ ጨርቅ አስቀድሞ የሚወስደው በመጨረሻ የተሰመረውን ነው፦ የዐይኑን ብሌን፣ ቅንድቡን፣ የልብሱን እጥፋት። «ጸዳ» ሲባል ዐይን የሌለው መነኩሴ ይቀራል።

ሁሉም ጨርቅ ላይ ነው ማለት ግን አይደለም። የላሊበላ ቤተ ማርያም ሥዕሎች በተፈለፈለው ዐለት ላይ ናቸው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል (1273 ዓ.ም.) ሥዕል ደግሞ ብራና ላይ። ሁለቱም ውሃ አይወዱም።

ከአቧራው ይልቅ የሚያስፈራው ጣሪያው ነው። ክዳኑ ሲያፈስ ውሃው በአቡጀዲው ጀርባ ይወርዳል፣ ሙጫው ይለቃል፣ ጨርቁ ይነፋል፣ ሻጋታ ይከተላል። የተነፋውን በሚስማር መምታት ወይም በነጭ ኮላ መለጠፍ (የተለመደ ነው!) ጉዳቱን ያባብሳል፤ ኮላው ከደረቀ ጨርቁን ሳይቀዱ ማንሣት አይቻልም። አስቀድሞ ክዳኑ ይጠገን። አቧራው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይነሣ፣ ያውም ቀለሙ የማይፈረፈር ከሆነ ብቻ።