ታሪክ ለሚመገቡ ሰዎች የቀረበ ውዳሴ

ርቦት እህል የሚፈልግ ሰው ምን ያስደንቃል? በግም ያደርገዋል። የሠለጠነ መንገደኛ ግን ሲርበው የሚፈልገው ዓመተ ምሕረት ነው። በሩ ላይ ከ1800 ያነሰ ቁጥር ካልተጻፈ ሆዱ አይከፈትም። (ቁጥሮቼ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ከተቆጠረ ቤቱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይሄድና ዋጋ ይጨምሩብናል።)

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ዘመድ በመጣ ቁጥር ወደ አሮጌ መጠጥ ቤት የማመላልሰው እኔ ስለሆንኩ ይህን ዓይነቱን መንገደኛ በቅርብ አውቀዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አለማመስገኔ ይቆጨኛል።

ባለፈው አጎቴ ከዳላስ መጡ። ከኤርፖርት እየወጣን "ጋሼ፣ እዚሁ መንገዳችን ላይ ጥሩ ክትፎ ቤት አለ" ብል በአዘኔታ አዩኝ። "ክትፎማ ዳላስም ሞልቷል። ጆርጅ ዋሽንግተን የበላበት ውሰደኝ እንጂ!" ክትፎ ቤቱን አለፍነው። ቀጥሎ ያለውንም አለፍነው። ሽታው መኪናው ውስጥ ገብቶ እስከ ቀይ መብራቱ ሸኘን።

ስሙን የማልጠቅሰው ቤት ገባን። አስተናጋጁ ነጭ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ እጅ ነስቶ ተቀበለን። መብራት የለም፤ "እንደዚያ ዘመን" ሻማ ነው። ሜኑው ደግሞ በዚያ ዘመን ጥምዝምዝ ፊደል ተጽፏል። ስለዚህ በየጠረጴዛው ሰዉ የስልኩን መብራት አብርቶ ተደፍቷል፤ ከሩቅ ለሚያይ የጠፋ የጆሮ ጌጥ የሚፈለግ ይመስላል። አጎቴም ጄኔራል ዋሽንግተን ይወደው ነበር የተባለለትን ዳክዬ አዘዙ።

ዳክዬው መጣ። ቢላዋው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ፤ ዳክዬው ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አንዲት ቁራጭ ጉንጫቸው ውስጥ አሳድረው ብዙ ካሰቡ በኋላ "ትንሽ ጠንከር ይላል፤ ግን ታሪካዊ ነው" አሉ። እኚህ ሰው እኮ "የዶሮ ወጡ ሽንኩርት በደንብ አልተቁላላም" ብለው ሚስታቸውን ሳምንት ሙሉ ያኮረፉ ናቸው! ለካ ትዕግሥት ነበራቸው፤ ለዓመተ ምሕረት ቆጥበውት ነው።

ከትዕግሥታቸው ይልቅ የማደንቀው ግን እምነታቸውን ነው። ዋሽንግተን በ1789 ለፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ሲፈጽም አፉ ውስጥ የቀረችለት የራሱ ጥርስ አንዲት ብቻ ነበረች። ሌላው ከጉማሬ ጥርስ፣ ከሰው ጥርስና ከብረት የተገጣጠመ ሰው ሠራሽ ነው። እንዲህ ያለ አፍ ይዞ ከዳክዬ ጋር ምን ያታግለዋል? ቤተሰቦቹ እንደተረኩት ቁርሱ ቅቤና ማር የሚዋኝበት የበቆሎ ቂጣ ነበር። ይህን ብነግራቸው "ታዲያ ዳክዬው ላይ ስሙን ለምን ጻፉት?" ብለው ተቆጡ። እኔን!

"እንደዚያ ዘመን" የሚለው ነገር ሻማው ላይ መቆሙም ብልህነት ነው። የዚያ ዘመን መንገደኛ ባለቤቱ ያበሰለውን፣ በተባለው ሰዓት ይበላል፤ ማታ ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ አልጋ ይጋራል። ከአጎቴ ጎን ማን እንደሚተኛ አስተናጋጁን ልጠይቅ ብዬ ተውኩት። ማእድ ቤቱም ቢሆን እንዳይነሳ ነው። የዋሽንግተን ዝነኛ ምግብ አብሳይ ሄርኩለስ ባሪያው ነበር፤ በ1797፣ ልክ በጌታው 65ኛ የልደት ቀን፣ ከዋሽንግተን ርስት ከማውንት ቨርነን ጠፍቶ ሄደ። ሜኑው ላይ ይህ የለም፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል።

ከዚያ ጋድስቢ የተባለውን አሮጌ መጠጥ ቤት አሳየኋቸው። የከተማችን ኩራት ነው፤ አንዱ ሕንፃ 1785 አካባቢ፣ ሌላው በ1792 የተሠራ። ዋሽንግተን በ1798ም በ1799ም በልደቱ ግብዣ ላይ እዚያ ተገኝቷል። አጎቴ የዳንስ አዳራሹን የእንጨት ሥራ በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ዓይናቸውንም ጨፈን አደረጉ። "እዚህ ጋ ሳይደገፍ አይቀርም" አሉ። ዋናው እንጨት በ1917 ተነቅሎ ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተሸጧል፤ የዳበሱት ቅጂውን ነው። አልነገርኳቸውም። በዳክዬው ጉዳይ ትምህርት አግኝቻለሁ።

እንዲህ ያሉ መንገደኞች ኒውዮርክ ሲሄዱ ደግሞ ፍራውንሰስ የተባለውን መጠጥ ቤት ያያሉ። ዋሽንግተን በታኅሣሥ 4 ቀን 1783 መኮንኖቹን የተሰናበተበት ቤት ነው፤ ዛሬ የሚታየው አብዛኛው በ1907 "እንዲህ ሳይሆን አይቀርም" ተብሎ በግምት የተሠራ ቢሆንም። ሰው እንባውን የሚያፈሰው ለግምት ከሆነ ምን ይጎዳል? ማድሪድ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ስለ አሜሪካዊው ደራሲ በሩ ላይ "ሄሚንግዌይ እዚህ በልቶ አያውቅም" ብሎ ለጥፎ ነበር። ይሄ ደፋር ነው! በዚህ አያያዙ ደንበኛ የሚያመጣው በምግቡ ብቻ ሊሆን ነው።

ዳክዬ ባዘዝንበት ቤት አጎቴ የበሩን ጽሑፍ አሥራ አንድ ጊዜ ፎቶ አነሱት፤ ዳክዬውን አንድ ጊዜ፣ እሱም ሳይነካ በፊት። ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ፤ ጉርሻውን ጨምሬ። (ጉርሻው ሻማ አልፈለገም፤ ስንት በመቶ እንደሚሰጥ ስክሪን ላይ በደማቁ በርቶ ነው የመጣው።)

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ጨጨብሳ ሠራች። በንጥር ቅቤ የራሰ፣ ማሩ ከሳህኑ ጠርዝ ሊፈስ የደረሰ። ጋሼ በአንድ እጃቸው ይጎርሳሉ፣ በሌላው ፌስቡክ ላይ የለጠፉት ፎቶ ስንት ሰው እንደወደደው ያያሉ። ሳህኑን በጣታቸው ጠርገው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

"ስማ፣ ዛሬ ደግሞ ማውንት ቨርነን እንሂድ። ያ ቁርስ ያልከኝን የሚሠራ ቦታ ይኖር ይሆን?"